ሁለት የትራንስፖርት ሰዎች በቤሊዝ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሐበሻ በሚሰበሰብበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ቬኬሽን ወጣሁ» ማለት ለብዙ ዘመን ትርጉሙ አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ሦስት ሰርግና ሁለት ለቅሶ ደርሼ፣ አራት ሻንጣ ዕቃ አከፋፍዬ፣ ስሄድ ከነበርኩት ብሶብኝ ደክሜ ተመለስኩ ማለት ነው። ይህ የተለወጠው ሚስቴ ከምትሠራበት ሬስቶራንት አንዷ አስተናጋጅ ሜክሲኮ አገር ባሕር ዳርቻ ሄዳ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወደ ፀሐይ መጥለቂያው ስትራመድ ከጀርባዋ የተነሳችውን ቪዲዮ የለጠፈች ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ከጀርባው መነሳት ጀመረ።

«እኛስ?» አለች ሚስቴ።

«እኛ ምን?»

«እኛ ሰው አይደለንም?»

የምንኖረው ቫን ናይስ ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ መጀመሪያ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ በስልክ የሚጠሩት መኪና። አንዱን በርባንክ ኤርፖርት አድርሼ፣ ሌላውን ሃውቶርን አውርጄ፣ ፍሪዌይ ላይ ቆሜ፣ እንደገና ቆሜ እውላለሁ። ለእኔ ዕረፍት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ማንም የትም እንዲሄድ አለመፈለግ ነው። ግን ሶፋ አይለጠፍም። ሶ፣ ተስማማሁ። የተስማማሁት በሁለት ነገር ነው፤ አገሩን እኔ እመርጣለሁ፣ እዚያ ከደረስን ደግሞ መሪ አልነካም። መኪና አንከራይም። አንድ ሳምንት ሌላ ሰው ይንዳኝ።

ቤሊዝን የመረጥኩት እንግሊዝኛ ስለሚናገሩና አገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ካርታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ በጣቴ ለካሁት። «ከጫፍ ጫፍ ሦስት ሰዓት ነው» አልኳት። «አርብ ከቫን ናይስ ፌርፋክስ ከመድረስ ብዙም አይለይም።» የለካሁት በርዝመቱ ሳይሆን በስፋቱ በኩል እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ሦስተኛው ሰው የሚስቴ አጎት ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባ አልፏቸዋል፤ ከፌርፋክስ ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ባለች ጠባብ ቤት ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ። ክረምት ከበጋ ኮት ይለብሳሉ። መኪናውን አጣሞ ያቆመ ሰው ካዩ ከቤታቸው ወጥተው «እኔ አገር ቤት በትራንስፖርት ዘርፍ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ይህንን የሰማ ሁሉ የራሱን ጨመረበት። አንዱ ቢሮ ሰጣቸው፣ ሌላው ጸሐፊ ሰጣቸው፣ ምክትል ኃላፊ ነበሩ የሚልም አለ። እሳቸው አላስተባበሉም። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ አንድ ቀን አርፈው ስለማያውቁ ሚስቴ «ጋሼንም እንውሰዳቸው» አለች። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

ለሚስቴ ከሬስቶራንቱ ፈቃድ የተሰጣት ገበያው በሚቀዘቅዝበት በሁዳዴ መጨረሻ ነው። የፈረንጅ ፋሲካ ዘንድሮ ከእኛ በሳምንት እንደሚቀድም ሦስታችንም እናውቃለን። ቲኬት ስንገዛ ግን አንዳችንም አላሰብነውም።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ደሴት ነው። የሚኬደው በፈጣን ጀልባ ነው። ሦስታችንም ዋና እንደማንችል የተነጋገርነው ጀልባው ከወደቡ ከራቀ በኋላ ነው። ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ የሕይወት ጃኬቱን በላዩ አሰሩና እስክንደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። ደሴቱ ላይ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ፖሊሱም ቄሱም የሚሄደው በጎልፍ ካርት ነው። ሚስቴ አራት ቀን ሙሉ ከጀርባዋ ተነሳች። አንሺው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር ጀርባዋን ያን ያህል አይቼው አላውቅም። ጋሼ ጥላ ሥር ተቀምጠው የጎልፍ ካርቶቹን አቋቋም ሲተቹ ይውላሉ።

በአምስተኛው ቀን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጫካው ልንሄድ አውቶቡስ ያዝን። አውቶቡሱ አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው፤ ቢጫውን አረንጓዴ ቀብተውታል። ወንበሩ የተሠራው ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለሆነ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያፏጨ ሰው ይጠራል። ፌርማታ የሚባል ነገር የለም። አንዷ ሴትዮ «እዚህ ጋ» ስትል ይቆማል፤ ሃያ እርምጃ ሄዶ ጎረቤቷ «እዚህ ጋ» ትላለች፤ እንደገና ይቆማል። መንደር በተደረሰ ቁጥር መንገዱ ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ሹፌሩ አንዳንዱን ያስታውሳል፣ አንዳንዱን ይረሳል።

መሪ አልነካም ያልኩት ሰውዬ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጥ ጀመር። ከፊት የጭነት መኪና ሲመጣ «ፍሬን፣ ፍሬን ያዝ» እላለሁ፣ በአማርኛ፣ ከስድስተኛው ወንበር። ሚስቴ ቆነጠጠችኝ።

«አንተ ተሳፋሪ ነህ» አለችኝ።

ተሳፋሪነት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰዎች ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ ኋላ ተቀምጠው ሲሠሩት ኖረዋል፣ ያውም እየከፈሉ።

ማረፊያችንን ሚስቴ የመረጠችው በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ አጎበር የተዘረጋበት አልጋ፣ ጭጋግና አንዲት ቀይ ወፍ ነበሩ። ያልነበረው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የሰባት ኪሎ ሜትር ጭቃ ነው። ባለቤቲቱ፣ ደልደል ያለች ሳቂታ ሴትዮ፣ በልጇ አሮጌ ፒክአፕ መጥታ ከአስፋልቱ ዳር ወሰደችን።

ጋሼ ሁዳዴን አጥብቀው ነው የሚጾሙት፤ ዓሣ እንኳ አይቀምሱም። ለሴትዮዋ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማይሆን ነገርኳት። «ችግር የለም፣ ሩዝ በቦሎቄ አለ» አለች። ጋሼ የመጀመሪያውን ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀምሰው ሳህኑን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ደገሙ። በማግስቱ ሦስት ጊዜ ጨመሩ።

«የዚህች ሴትዮ እጅ ይባረክ» አሉ። «ጾም እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?»

ሐሙስ ጠዋት ውኃ ልጠይቅ ወጥ ቤት ስገባ ሴትዮዋ ድስቱን ታማስላለች። ከቦሎቄው መሀል የተጠቀለለ ነገር ብቅ አለ።

«ይህ ምንድነው?»

«የአሳማ ጅራት ነው። ለጣዕሙ ነው የሚገባው።»

«ሥጋ አይሆንም አላልኩሽም?»

«ሥጋ እኮ አይደለም» አለችኝ፣ ከልቧ። «ጅራት ነው።»

ሄጄ ለሚስቴ ነገርኳት። አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «አሁን ብንነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» አለች። «እሳቸው በልባቸው ጾመዋል።» እኔም ይህንን ክርክር ለመቀበል ቸኮልኩ፤ የሚነግራቸው እኔ እንደምሆን ስለማውቅ ነው። ሴትዮዋ ቦሎቄውን በውኃና በጨው ብቻ እንድትቀቅል ተስማማን። ጋሼ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ጎርሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዛሬስ እጇ ሰነፈ» አሉ።

በረራችን ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አርብ በአውቶቡስ ኤርፖርቱ ወዳለባት የባሕር ዳርቻ ከተማ ተመልሰን እዚያ ልናድር አስበናል። አርብ ጠዋት ሻንጣዎቹን በረንዳው ላይ ደረደርን። ሴትዮዋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

«የት ልትሄዱ ነው?»

«አውቶቡስ ልንይዝ» አልኩ።

«ዛሬ ስቅለት ነው። አውቶቡስ የለም።»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓትም ስቅለት ነው።»

«የእኛ ስቅለት ገና ሳምንት ይቀረዋል» አሉ ጋሼ፣ አውቶቡሱን የሚያስነሳ ክርክር ያገኙ ይመስል። ፒክአፑን ልጇ ዘመድ ጥየቃ ይዞት ሄዷል። ሴትዮዋ በቅርብ ያለች ከተማ ውስጥ የምታውቀው አንድ ታክሲ ነጂ ዘንድ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ሰውየው የነገረኝ ዋጋ ከሌላው ቀን ሦስት እጥፍ ነው።

«በዓል ነው ጌታዬ» አለኝ። «እኔም ከቤተሰቤ ጋ ነኝ። ከቤት የምወጣው ለዚህ ከሆነ ብቻ ነው።»

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ሎስ አንጀለስ በየበዓሉ ስልኬ ላይ ዋጋው ሲንር ጮቤ የምረግጠው እኔ ነኝ። ዋጋው በዛ ብሎ የሚያጉረመርም ተሳፋሪ ሲገጥመኝ «ሰፕላይ ኤንድ ዲማንድ ነው፣ እኔም ቤተሰብ አለኝ» ብዬ የማስተምረውም እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ግን ደሜ ፈላ።

«ይህ ዘረፋ ነው» አልኩት። «በስቅለት ቀን እግዚአብሔርን አትፈራም?»

«መልካም በዓል» አለኝና ስልኩን ዘጋው።

«ምን አለ?» አለች ሚስቴ።

«መልካም በዓል አለ።»

አስፋልቱ ጋ ከደረስን መኪና አይጠፋም ብዬ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። ሴትዮዋ የታክሲውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ለእኔ ሳይሆን ለሚስቴ ሰጠቻት። በእግር ተነሳን። የሻንጣ ጎማ የተሠራው ለኤርፖርት ወለል ነው፤ ጭቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ ይሞላና ሻንጣው የሞተ በሬ ይሆናል። የእኔንና የሚስቴን እየጎተትኩ፣ የጋሼን ደግሞ ሚስቴ እየጎተተች፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሄድን። ሚስቴ ዞራ ሳታየኝ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላችን የፈረስ ኮቴ ሰማን። በአካባቢው በሃይማኖታቸው ምክንያት መኪና የማይነዱ፣ በፈረስ ጋሪ ብቻ የሚሄዱ ነጭ ገበሬዎች እንዳሉ ሴትዮዋ ነግራን ነበር። አንዱ ነው። የሣር ባርኔጣ ያደረገ ፂማም ሰውዬ፣ ከጎኑ ሻሽ ያሰረች ሚስቱ፣ ከኋላቸው ክፍት የዕቃ ጋሪ። አጠገባችን አቆመ።

«ወደ አስፋልቱ?»

«አዎ።»

«ውጡ።»

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ፣ በጋሪ ትምህርት ቤት ይሄዱ በነበሩ የክፍለ ሀገር ልጆች እየሳቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከሎስ አንጀለስ ድረስ በአውሮፕላን ተጉዤ፣ ቲኬቱን በክሬዲት ካርድ ገዝቼ፣ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ሚስቴ ስልኳን አወጣች፤ ሰዎቹ ፎቶ እንደማይወዱ ሴትዮዋ ያለችው ትዝ ሲላት መልሳ ከተተችው። ይህ ጉዞ ያለምስክር ሊቀር ነው መሰለኝ ከልቧ አዘነች።

ግማሽ መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ቦታ አለ። ማታ የዘነበው ውኃ ተኝቶበታል። የግራው ጎማ ገባና ቀረ። ሰውየው ወርዶ ልጓሙን ይዞ ጎተተ። ፈረሱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኔ ወርጄ ከኋላ ገፋሁ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጋሼ ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«አያያዙ ልክ አይደለም» አሉ በአማርኛ።

«ጋሼ፣ ባለቤቱ እኮ ነው» አልኳቸው ከጭቃው ውስጥ።

«ባለቤትነት ሌላ ነው።»

ኮታቸውን አወለቁ። በሳምንቱ ውስጥ ሲያወልቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አጥፈው ለሚስቴ ሰጧትና ወደ ፊት ተሻግረው ተቀመጡ፤ ልጓሙን ከሰውየው እጅ፣ ልጅ የያዘውን ዕቃ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ ተቀበሉት። መጀመሪያ ለቀቅ አደረጉት። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ ተነፈሰ። ዝቅ ባለ ድምፅ ረጅም ነገር አወሩለት፤ እኔን በዚያ ድምፅ አናግረውኝ አያውቁም። ከዚያ በምላሳቸው ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርገው ትንሽ ወደ ቀኝ ሳቡት። ፈረሱ ወገቡን ሰብሰብ አደረገና ጋሪውን ይዞ ወጣ። እኔ የምገፋው ነገር ከፊቴ ስለጠፋ በደረቴ ወደቅኩ።

ገበሬው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ፈረስ አለዎት?»

«ነበሩኝ» አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ። «ሁለት። ሰባት ዓመት።»

ሚስቴ ኮቱን እንዳቀፈች ቀና አለች። «ሰባት ዓመት? ጋሼ፣ በትራንስፖርት ዘርፍ ያሉት ይህንን ነው?»

«ታዲያ ጋሪ ትራንስፖርት አይደለም?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፈረሱ ሳያነሱ። «ደብረ ዘይት፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ሆራ። የእኔን ጋሪ ያልተሳፈረ አልነበረም።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ናችሁ ቢሮ የሰጣችሁኝ። ጸሐፊም ቀጥራችሁልኛል። ልመልስላችሁ?»

ገበሬው ልጓሙን አልጠየቃቸውም። ሚስቱን ይዞ ወደ ኋላ ተሻግሮ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ እስከ አስፋልቱ ጋሼ ነዱት። ልንከፍለው ስንል ራሱን ነቀነቀና ወደ ዘመዶቹ ቀጠለ።

አስፋልቱ ላይ መኪና ነበር፤ የእኔ ትንቢት እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው። ሁሉም ግን ቤተሰብ የሞላበት፣ ወደ ወንዝ ለመዝናናት የሚሄድ ነው። እጃችንን ስናወጣ በደስታ እጃቸውን ያውለበልቡልናል። አንድ ሰዓት ያህል ተውለበለበልን። ሚስቴ ብጣሿን ወረቀት አወጣችና ደወለች።

«ወንድሜ፣ እንዴት ነህ፣ እንኳን አደረሰህ» አለች፣ ለእኔ ከተጠቀመችበት ብዙ ዓመት ባለፈው ድምፅ። «ቅድም ያናገረህ ሰውዬ የእኔ ባለቤት ነው። ዕረፍት አልተስማማውም፤ ይቅርታ አድርግለት።»

በግማሽ ሰዓት መጣ። የተስማሙበትን ዋጋ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ሰውየው በእኔ ዕድሜ ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ከፊት ከጎኑ ተቀመጥኩና ስህተት ስፈልግበት ቆየሁ፤ አጣሁ። ጉብታዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ ዝም አለ።

«ሎስ አንጀለስ ምን ትሠራለህ?» አለኝ።

ከኋላ ሁለቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«አካውንታንት ነኝ።»

«አውቄዋለሁ» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ሹፌር ብትሆን ኖሮ ቅድም እንደዚያ አትናገረኝም ነበር።»

ጋሼ ሳል ያዛቸው። ሚስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ነገሩን ለማለዘብ ይመስለኛል ወሬ ቀየረ። የአገሩን ምግብ እንደቀመስን ጠየቀ። ጋሼ «ሩዝ በቦሎቄ፣ ቬሪ ጉድ» አሉ።

«ሚስጥሩ ጅራቱ ነው» አለ ሰውየው። «የአሳማ ጅራት ካልገባበት ቦሎቄ አይባልም።»

አንድ ሁለት ጉብታ አለፍን።

«ፒግ ነው ያለው?» አሉ ጋሼ በአማርኛ።

«ጋሼ» አለች ሚስቴ፣ «እኛም ያወቅነው ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ?»

«ሐሙስ ጠዋት።»

ጋሼ አሰቡ። «ለካ ለዚህ ነው ሐሙስ ጣዕሙ የጠፋው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ከረር አለ። «ለንስሐ አባቴ የእኔን እኔ እነግራቸዋለሁ። እናንተ ደግሞ ዝም ያላችሁበትን ንገሩ። አካውንታንቱም ይንገር።»

ከተማው ስንደርስ ከሰውየው ጋር ተጨባበጥን። ሹፌር ነኝ ልለው ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሻንጣ አወረድኩ እንጂ አልተናገርኩም። ቅዳሜ ጠዋት በረርን።

ሚስቴ የደሴቱን ፎቶ ብቻ ነው የለጠፈችው። ጀርባዋን ያየ ሁሉ ቀናሁ ብሎ ጻፈላት፤ አስተናጋጇም የልብ ምልክት ላከች፣ አንድ ብቻ። ጋሼ በበኩላቸው ፌርፋክስ ላይ ታሪኩን ራሳቸው አወጡት። ሬስቶራንቱ ውስጥ ቁጭ ብለው የደብረ ዘይቱን ጋሪ፣ የሁለቱን ፈረሶች መልክና ጠባይ ሳይቀር ተረኩ። የሰማቸው አንድም ሰው አላመነም። «አየህ ትልቅ ሰው» አለኝ አንዱ ሲወጡ ጠብቆ። «ያን የሚያህል ኃላፊ ሆነው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ባለጋሪ ነበርኩ ይላሉ።» አሁን እንዲያውም ከምክትልነት ወደ ዋና ኃላፊነት አሳድገዋቸዋል።

እሳቸው ግን በርባንክ ውስጥ ፈረስ የሚቀለብበት ሰፈር እንዳለ ከየት እንደሆነ ሰሙ። እኔ የማርፈው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ድራይቭ አድርጌ እዚያ አደርሳቸዋለሁ። መጀመሪያ አጥር ተደግፈው ያዩ ነበር፤ ከዚያ የጋጣዋ ሠራተኛ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ ማበጠሪያ ሰጠቻቸው። አያያዙን ልታሳያቸው ትሞክራለች፤ እሳቸውም አንገታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧትና በራሳቸው መንገድ ይቀጥላሉ። እኔ ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ እጠብቃለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ። ሲመለሱ ፋንድያ የረገጠ ጫማቸውን ሳያራግፉ ይገባሉ፣ እኔም ሰኞ መስኮት ከፍቼ እነዳለሁ። ተሳፋሪዎች ሽታው ምንድነው ይሉኛል። ፈረስ ነው እላቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሲወርድ ስልኩ ላይ የምመዘንበትን ኮከብ ይቀንስብኛል።